ፍጡሩና ሰባቱ ተከታዮቹ

ሰው በገዛ እጁ የሠራው ፍጡር ተነሥቶ ሠሪውን ሲያሳድድ የሚያሳየው የፍራንከንስታይን ታሪክ በመጽሐፍ ታትሞ ከወጣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቢሆንም፥ ዛሬ ስሙ በተጠራ ቍጥር በሰው ሁሉ ኅሊና የሚመጣው መልክ፥ ማለት ጠፍጣፋው ዐናት፥ የከበደው የዐይን ቆብ፥ ከአንገቱ ግራና ቀኝ የወጣው ብረት፥ ከመጽሐፉ የተወለደ ሳይሆን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የሠራው መልክ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። ያው ስቱዲዮ እስከ 1948 ድረስ ለዚህ ፊልም ሰባት ተከታዮች አወጣለት፤ ከሰባቱም አንደኛው ከመጀመሪያው በልጦ ሲገኝ፥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎን ሊቆም ሲችል፥ የቀሩት አምስቱ እያደር እየቀለሉ ሄዱ። ይህ ስለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በየዘመኑ ተራ መከተል ያሻል፤ ሲከተሉትም ሊቃውንታችን ስለ ሰው ነፍስ ሲያስተምሩ ሕያዊት፥ ለባዊት፥ ነባቢት ናት፥ ይኸውም ሕይወት ያላት፥ የምታስተውልና የምትናገር ናት የሚሉትን ትምህርት በልብ መያዝ ይጠቅማል፤ የዚህ ፍጡር የሲኒማ ዕድል ሦስቱን ያገኘበትና መልሶ ያጣበት ታሪክ ነውና።

በ1815 በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ ተራራ በእሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የሰማዩን ብርሃን ስለ ጋረደ፥ በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ በጋ ፀሐይ የራቀበት፥ ዝናብና ብርድ የበረታበት ወራት ሆኖ አለፈ። በዚያ ወራት በስዊስ አገር ከጄኔቭ ሐይቅ ዳር ቪላ ዲዮዳቲ በሚባለው ቤት፥ ሎርድ ባይረንና ፐርሲ ሼሊ የተባሉት ሁለቱ ባለቅኔዎች፥ የባይረን ሐኪም ጆን ፖሊዶሪ፥ ኋላም ሜሪ ሼሊ የተባለችው የ18 ዓመት ወጣት ከዝናቡ ተጠልለው ሳሉ፥ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንዲጽፉ ባይረን ሐሳብ አቀረበላቸው። ደም መጣጩን መኰንን የሚያሳየው የፖሊዶሪ ታሪክም የሜሪ ሼሊ መጽሐፍም ከዚያው ምክር የተገኙ ስለ ሆኑ፥ ከመቶ ዓመት በኋላ የሲኒማን መጋረጃ የሚካፈሉት ሁለቱ አስፈሪዎች ሥራቸው ከአንድ ቤት ይመዘዛል ማለት ይቻላል። ሜሪ እናቷ እርስዋን በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ የሞተችባት፥ እርስዋም ራሷ የበኵር ልጇን በ1815 በሕፃንነቷ የቀበረች ሴት ነበረችና፥ ልደትና ሞት በአንድ አልጋ ላይ የሚገናኙ መሆናቸውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሕይወቷ ታውቀው ነበር። መጽሐፏ በ1818 ጥር ወር ለንደን ላይ በ500 ቅጂ፥ ያለ ደራሲ ስም ወጣ።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ፍጡር አንደበተ ርቱዕ ነው። ከአንድ የገጠር ቤት ግድግዳ ሥር ተሸሽጎ የሰዎቹን ንግግር እየሰማ ቋንቋ ተማረ፤ ፕሉታርክንና ጎተን አነበበ፤ የሚልተንን የገነት መጥፋት ታሪክ አንብቦም ራሱን ከአዳም ጋር አስተያየ። ከዕውር ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ወዳጅነትን ለመነ፤ ከሠሪው ፊት ቆሞም ብቸኝነቱን የምትካፈል ሴት እንዲሠራለት እንደ ጠበቃ ተከራከረ፤ ሠሪውም እሺ ብሎ ከጀመረ በኋላ በጅምር ያለችውን ሴት ቀዳዶ ጣላት። ክፋቱ የመጣው ከመገፋቱ ነው። እንግዲህ የደራሲዋ ጥያቄ ፍጡሩ ለምን አስፈራ የሚል አልነበረም፤ የሠራውን ሠርቶ የተወ ሰው ዕዳው ምንድር ነው የሚል እንጂ።

መድረኩ ግን አንደበቱን ነሣው። በ1823 ሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ መጽሐፉን ለለንደን ቴአትር ሲያዘጋጀው ፍጡሩን ዲዳ አድርጎ አቀረበው፤ ሜሪ ሼሊም ራሷ ተገኝታ ተመለከተችው። በ1910 የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ ሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ድምፅ የለሽ ፊልም ሠራ። ነገሩ በእውነት የተለወጠው ግን ካርል ሌምሊ የተባለው፥ በ1884 በ17 ዓመቱ ከጀርመን አገር ከላውፕሃይም ከተማ ወደ አሜሪካ የተሰደደው አይሁዳዊ፥ በ1912 ዩኒቨርሳልን ካቋቋመና በ1915 በካሊፎርኒያ የፊልም ከተማውን ከከፈተ በኋላ ነው። በእርሱ ቤት ሎን ቼኒ የተባለው ታላቅ ተዋናይ በ1923 የኖትር ዳምን ጎባጣ፥ በ1925 በኦፔራ ቤት ምድር ውስጥ የሚኖረውን ፊቱ የተበላሸ ሙዚቀኛ ሆኖ ሠርቶ ነበር፤ ሽማግሌው ሌምሊ ግን አስፈሪ ፊልም እምብዛም አይወድም ነበር። የወደደው ልጁ ነው። ይህ ልጅ በ21 ዓመቱ የስቱዲዮው የሥራ ኀላፊ ሆኖ ተሹሞ፥ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ የሲኒማ ቤቶች ወንበር ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፥ በ1931 የካቲት ወር ድራኩላን ለሕዝብ አቀረበ። ቶድ ብራውኒንግ ያዘጋጀው፥ የሃንጋሪው ቤላ ሉጎሲ የተጫወተው ይህ ፊልም ገንዘብ ስላስገባ፥ ሁለተኛ አስፈሪ ታሪክ ወዲያው ተፈለገ።

የፍጡሩ ቦታ በመጀመሪያ የታሰበው ለሉጎሲ፥ አዘጋጅነቱም ለሮበርት ፍሎሬ ነበር፤ ሁለቱም አልሆነላቸውም፤ ሥራው ለእንግሊዛዊው ለጄምስ ዌል ተሰጠ። ዌል በ1889 ደድሊ በምትባለው የማዕድንና የብረት ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ተዋግቶ በጀርመኖች እጅ የወደቀ፥ በምርኮ ሰፈርም ቴአትር ማዘጋጀትን የተማረ ሰው ነበር። የተቈራረጠ ሬሳ አይቶ የነበረ ሰው ከሬሳ ቍራጭ ስለ ተሰፋ ፍጡር ፊልም ሲሠራ፥ አስፈሪነቱን ለመጫወቻ እንዳላደረገው ከሥራው ይታወቃል። ለፍጡሩም የመረጠው ዊልያም ሄንሪ ፕራት ተብሎ ለንደን ላይ የተወለደውን፥ በ1909 ወደ ካናዳ ተሰዶ የቀን ሥራና የጭነት መኪና መንዳት ሳይቀር የሠራውን፥ በብዙ ፊልሞች በትናንሽ ቦታ ታይቶ ስሙ ያልታወቀውን የ43 ዓመት ተዋናይ ነው፤ እርሱም ቦሪስ ካርሎፍ ነው።

መልኩን ያበጀው ጃክ ፒርስ የተባለ ከግሪክ አገር የመጣ ባለ ሙያ ሲሆን፥ የራስ ቅል ከፍቶ አንጎል የሚያስገባ ሐኪም ከሁሉ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፥ ቅሉን ዙሪያውን ቈርጦ እንደ ሣጥን ክዳን ይከፍተዋል ብሎ አስቦ፥ ዐናቱን ጠፍጣፋና ባለ ጠርዝ አደረገው። የኤሌክትሪኩ ኀይል የሚገባበትን ብረት በአንገቱ ላይ ተከለ፤ ካርሎፍም የዐይኑ ቆብ በሰም እንዲከብድ ሐሳብ አቀረበ፥ ሰው ሠራሽ ጥርሱንም አውልቆ ጕንጩን አጎደጎደ። ይህ ሁሉ በየማለዳው አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ቅባትና ሰም ሥር የካርሎፍ ፊት ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ፒርስ ፊቱን አልሸፈነበትም፥ ገለጠለት እንጂ። በኋላ ዘመን መልኩን የወረሱት ተዋንያን ያላገኙት ይህን ነው።

ፊልሙ በ1931 ኅዳር ወር ወጣ። በመክፈቻው ዝርዝር ላይ በፍጡሩ ስም ትይዩ የተዋናዩ ስም ሳይሆን የጥያቄ ምልክት ተጽፎ ነበር። ኬኔዝ ስትሪክፋደን የሠራቸው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብልጭታ፥ በማዕበል ሌሊት ወደ ጣራው የሚወጣው ሬሳ፥ ኮሊን ክላይቭ የተጫወተው የሄንሪ ፍራንከንስታይን የደስታ ዕብደት ሁሉም የታወቁ ናቸው፤ እኔ ግን የፊልሙ ልብ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ዝምታ ውስጥ ነው እላለሁ። ፍጡሩ በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ሳለ ሠሪው የጣራውን መስኮት ሲከፍትለት፥ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የወረደበትን የፀሐይ ብርሃን ለመያዝ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ መስኮቱ ሲዘጋም እጆቹን ወደ ሠሪው ዘርግቶ ይለምናል። መልስ የሚሰጠው የለም፤ ጥቂት ቈይቶም ችቦ ያለው ረዳት መጥቶ በእሳት ያስፈራራዋል።

ከሐይቁ ዳር ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ የጠለቀ ነው። ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ሳትፈራው ቀርባ አበባ ሰጠችው፤ አበባውን ውኃው ላይ ሲጥሉት መንሳፈፉን አሳየችው፤ እርሱም በዚህ ፊልም ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ሣቀ። አበባው ሲያልቅበት ልጅቱም እንደ አበባ የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ወረወራት፤ ሰጠመችም። የሳንሱር ሰዎች መጨረሻውን ቈርጠው አወጡት፤ ቍራጩም ወደ ቦታው የተመለሰው ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ያ ሁሉ ትውልድ ያየው ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋ፥ ከዚያም አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ በሠርገኞች መካከል ሲያልፍ ብቻ ስለ ሆነ፥ በመካከል የተደረገውን ከሆነው የከፋ አድርጎ ያስብ ነበር፤ ክፉን ለመሸፈን የተደረገው ቈረጣ በየዋሁ ላይ ያልሠራውን ኀጢአት ጫነበት።

የዚህን ፊልም ጉድለትም መናገር ይገባል። መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን የወንጀለኛ አንጎል ፊልሙ አስገብቶ፥ ረዳቱ ደኅናውን አንጎል ጥሎ የተበላሸውን እንዲሰርቅ ስላደረገ፥ የክፋትን ምንጭ በሠሪው ቸልተኝነት ፈንታ በሥጋ ጉድለት ላይ አኖረው። ካርሎፍ ግን በአጨዋወቱ ይህን ድርሰት ሽሮታል፤ ያንን ፊት የተመለከተ ሰው የወንጀለኛውን አንጎል ፈጽሞ ይረሳዋል። ፍጡሩ በዚህ ፊልም ሕያው ነው፥ ለባዊም ነው፤ ነባቢ ግን አይደለም። በነፋስ ወፍጮው ውስጥ በእሳት ተከቦ ሲጮኽ የፍጡሩ ታሪክ በዚህ ፊልም አለቀ።

ስቱዲዮው ተከታይ እንዲሠራለት ዌልን ወዲያው ለመነው፤ ዌል ግን ስለዚያ ታሪክ የነበረኝን ሁሉ ጨርሻለሁ በማለት ሦስት ዓመት ያህል እንቢ አለ፤ በመካከሉም በ1932 እና በ1933 ሌሎች ሁለት አስፈሪ ፊልሞች ሠራ፤ ከእነርሱም አንዱ የማይታየው ሰው ነው። በመጨረሻ ሲስማማ፥ የመጀመሪያውን ለመድገም ሳይሆን ወደ መጽሐፉ ተመልሶ በ1931 ሳይነካ የቀረውን ክፍል፥ ማለት የዕውሩን ሽማግሌና የሴቲቱን ነገር፥ ለማንሣት ነው። የፍራንከንስታይን ሙሽራ የተባለው ፊልም በ1935 ሚያዝያ ወር ሲወጣ የሚጀምረውም ከደራሲዋ ነው፤ ሜሪ ሼሊ በማዕበል ሌሊት ከባይረንና ከባሏ ጋር ተቀምጣ ታሪኩ አላለቀም ብላ ቀሪውን ትተርካለች። ሜሪን የተጫወተችው ኤልሳ ላንቸስተር በመጨረሻ ሙሽራዋንም ሆና ትነሣለች፤ ደራሲዋና ፍጡሯ በአንድ ፊት እንዲታዩ ያደረገው የዌል ጥበብ ነው።

ፍጡሩ ከተቃጠለው ወፍጮ ሥር ካለው ውኃ ተርፎ በዱር ሲባዝን፥ የቫዮሊን ድምፅ ሰምቶ ወደ አንድ ዕውር ባሕታዊ ጎጆ ይደርሳል። ባሕታዊው መልኩን አያይምና አይፈራውም፤ ቍስሉን ያጥብለታል፥ ሾርባ ያበላዋል፥ አስተኝቶትም በራስጌው ተንበርክኮ በብቸኝነቱ ዘመን ወዳጅ ስለ ላከለት እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ፍጡሩም ያለቅሳል። ሥዕሉ ሲጨልም ግድግዳው ላይ ያለው ስቅለት ብቻ ጥቂት ጊዜ እያበራ ይቈያል። ከዚያ በኋላ ባሕታዊው እንጀራና ወይን አቅርቦ ቃል ያስተምረዋል፤ እንጀራን፥ ወይንን፥ ወዳጅን፥ መልካምንና ክፉን። ካርሎፍ ራሱ ፍጡሩ መናገሩን አልወደደውም፤ ምሥጢሩን ያጠፋዋል ብሎ ተከራከረ፥ ሐሳቡንም እስከ መጨረሻው አልለወጠም። በታላቅ ተዋናይ ላይ መፍረድ ከባድ ቢሆንም በዚህ ነገር እውነት ከዌል ጋር እንደ ነበረች አልጠራጠርም፤ ምክንያቱም የተማራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው እንጂ እያንዳንዳቸው የሚያስፈልጉት ናቸው፤ ወዳጅ የሚለውን ቃል የተማረ ሰው ወዳጅ ማጣቱን ያውቃልና፥ መከራው ከሥጋ ወደ ነፍስ የገባው በዚያ ትምህርት ነው። አዳኞች መጥተው በግርግሩ ጎጆው በተቃጠለ ጊዜ ፍጡሩ ያጣው የተጠለለበትን ቤት ብቻ አይደለም።

ኧርነስት ቴሲገር የተጫወተው ዶክተር ፕሪቶሪየስ ትናንሽ ሰዎችን በጠርሙስ የሚያሳድግ፥ በመቃብር ዋሻ ውስጥ ማዕድ ዘርግቶ የሚበላ ፈታኝ ነው፤ ሄንሪን አስገድዶ ሴቲቱን ያሠራዋል። ሙሽራዋ የምትታየው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲሆን፥ ጠጕሯ ከግብፃዊቱ ንግሥት ከነፈርቲቲ ራስ ላይ ካለው አክሊል አምሳል ተወስዶ የቆመ፥ ድምፅዋም ላንቸስተር በለንደን መናፈሻ ከሰማቻቸው ከተቈጡ የውኃ ወፎች ጩኸት የተቀዳ ነው። በናዚዎች እጅ በርሊን ላይ ተደብድቦ አገሩን የለቀቀው ፍራንዝ ዋክስማን በሠራው ሙዚቃ ውስጥ የሠርግ ደወል ይሰማል። ፍጡሩ ቀርቦ እጇን ይዞ ወዳጅ ቢላት ጮኸች። በዓለም ላይ እንደ እርሱ ያለች አንዲት ብቻ፥ እርስዋም ጠላችው። በዚያን ጊዜ ሄንሪንና ሚስቱን ሂዱ ብሎ ለቆ፥ እርሱና ሙሽራው፥ ክፉው ዶክተርም የሞት ወገን መሆናቸውን ተናግሮ፥ ግንቡን በላያቸው አፈረሰ። ራሱ የፈረደውን ፍርድ ራሱ ፈጸመው፤ መፍረድም መማርም ከነባቢት ነፍስ በቀር ለሌላ አይቻልም። ከ1934 ጀምሮ በጆሴፍ ብሪን ሥር የበረታው የሆሊዉድ ሳንሱር የግድያዎቹን ብዛትና ሠሪውን ከእግዚአብሔር ጋር የሚያስተያዩትን ቃላት እየለቀመ ቢያስቀንስም፥ ፊልሙ ከመጀመሪያው ይልቅ ሃይማኖታዊ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሌምሊዎች ቤት ወደቀ። በ1936 ዌል የሚያዘጋጀው የሾው ቦት የሙዚቃ ፊልም ወጪ ስለ በዛ፥ የተበደሩትን መክፈል አቅቷቸው ስቱዲዮውን ለአበዳሪዎቻቸው አስረከቡ። ሽማግሌው ሌምሊ የቀረውን ዕድሜውን ያዋለው በሒትለር እጅ ያሉ የትውልድ አገሩን አይሁዶች ዋስ እየሆነ ወደ አሜሪካ በማሻገር ነው፤ የመሥራቾች ሁሉ ፍጻሜ እንደ እርሱ ቢያምር መልካም ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች አስፈሪ ፊልም አንፈልግም አሉ፤ በእንግሊዝ አገርም ሳንሱሩ ለእነዚህ ፊልሞች የተለየ ምልክት አውጥቶ ልጆችን ከለከለባቸው፤ በዚህም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዩኒቨርሳል ምንም አስፈሪ ፊልም አላወጣም።

ዝምታውን ያፈረሰው አንድ የሎስ አንጀለስ ሲኒማ ቤት ነው። በ1938 ነሐሴ ወር ገበያ የራቀው ይህ ቤት ድራኩላን፥ ፍራንከንስታይንንና የኮንግን ልጅ አንድ ላይ ቢያሳይ፥ ሕዝቡ ሌሊትና ቀን ተሰለፈ። ዩኒቨርሳልም የሁለቱን የራሱን ፊልሞች አዲስ ቅጂ አሳትሞ በየከተማው ላከ፤ በ1939 ጥር ወርም የፍራንከንስታይን ልጅ ወጣ። አዘጋጁ ሮላንድ ሊ ሲሆን፥ ባዚል ራትቦን የአባቱን ስም ለማደስ ወደ ርስቱ የተመለሰውን የሄንሪን ልጅ ቮልፍን ተጫወተ። ግድግዳው የተጣመመ፥ ጥላው የረዘመ ቤት ጃክ ኦተርሰን ሠራለት። ከሁሉ በላይ ግን ሉጎሲ፥ ድራኩላ ካስገኘለት ዝና በኋላ ሥራ አጥቶ የከረመው ያ ሰው፥ ይጎርን ሆኖ መጣ፤ ይጎር መቃብር ሲዘርፍ ተይዞ ተሰቅሎ አንገቱ ቢሰበርም ያልሞተ፥ ፍጡሩንም የፈረዱበትን ዳኞች እየለየ የሚያስገድል ሰው ነው። ስቱዲዮው የሉጎሲን ደመወዝ ለመቀነስ ሲሞክር፥ ሊ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ሥራ ላይ አቈየው፤ ለዚህ ደግነት ሲኒማ የሉጎሲን ምርጥ ሥራ በምላሹ አገኘች ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ፍጡሩ እንደ ገና ዲዳ ሆነ። ባሕታዊው ያስተማረው ሁሉ ያለ ምንም ምክንያት ጠፋ፤ በ1935 ሞትና ሕይወትን ለይቶ የፈረደው አሁን የይጎር መሣሪያ ነው። ካርሎፍ ከቀረው ጥቂት ቦታ ሁለት ታላላቅ ነገሮች አወጣ፤ አንደኛው መስተዋት ፊት ቆሞ የራሱን ፊት ከቮልፍ ፊት ጋር ሲያስተያይ የሚያሳየው ሐዘን፥ ሁለተኛው የይጎርን ሬሳ ሲያገኝ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ነባቢነቱ ተወሰደበት፤ ለባዊነቱ ግን ገና አለ፤ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጎን ሊቆም የሚችል ያልሁት በዚህና በይጎር ምክንያት ነው። ካርሎፍ ራሱ ከዚህ በኋላ ፍጡሩ የሰው መጫወቻ ከመሆን በቀር ሌላ እንደማይጠብቀው አይቶ፥ በዩኒቨርሳል ፊልሞች ውስጥ ያንን መልክ ዳግመኛ አልለበሰም።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ በገባች በአምስተኛው ቀን፥ በ1941 ታኅሣሥ 12፥ የተኵላው ሰው የሚባለው ፊልም ወጣ፤ ድርሰቱን የጻፈው ከናዚዎች የሸሸው ኩርት ሲዮድማክ፥ የተጫወተውም የታላቁ ሎን ቼኒ ልጅ፥ ታናሹ ሎን ቼኒ ነው። በእርሱ ዝና ምክንያት በ1942 የፍራንከንስታይን መንፈስ በተባለው አራተኛ ፊልም የፍጡሩ ቦታ ለእርሱ ተሰጠ። ቼኒ በራሱ ዕጣ፥ በተረገመው የተኵላ ሰው ቦታ፥ የሚያሳዝን ተዋናይ ነበር፤ በዚህ ግን ፊቱ የተሞላ፥ ከቅባቱ ሥርም የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ መልኩ ጭምብል ሆነ። በፊልሙ መጨረሻ የይጎር አንጎል በፍጡሩ ራስ ውስጥ ገብቶ በሉጎሲ ድምፅ ይናገራል፥ ደሙ ስላልተስማማ ግን ዐይኑ ይታወራል። እንግዲህ መናገሩን ቢያገኝ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው፤ የራሱ ነፍስ በዚያ ቀዶ ጥገና ወጥታ ቀረች።

በ1943 የተከተለው ጭራቅን ከጭራቅ ያገናኘው የመጀመሪያው ፊልም ነው፤ የተኵላው ሰውና ፍጡሩ ተገናኙ። ሉጎሲ በ1931 ያልሆነለትን ቦታ በ60 ዓመቱ ወሰደ፤ ዕውር ሆኖና እየተናገረ ተጫወተው፤ ከተቀረጸ በኋላ ግን ስቱዲዮው ንግግሩን ሁሉ፥ ስለ ዕውርነቱ የሚያስረዳውንም ጭምር ቈርጦ ጣለው። ስለዚህ ተመልካቹ ያየው ያለ ምክንያት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እየተደናበረ የሚራመድ አንድ አካል ነው። በዓለም ላይ ልጆች ፍጡሩን ሲያስመስሉ እጃቸውን የሚዘረጉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ካርሎፍ እንደዚያ አልተራመደም። አንድ ሽማግሌ ተዋናይ በትጋት የሠራው ሥራ ምክንያቱ ተወስዶ እንዲሣቅበት መቅረቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ያሳዝነኛል።

በ1944 እና በ1945 የወጡት የፍራንከንስታይን ቤትና የድራኩላ ቤት ባጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። ድራኩላም፥ የተኵላው ሰውም፥ ጎባጣውም፥ ያበደው ሐኪምም በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ውስጥ ተሰብስበው ስለሚቀርቡ ለአንዳቸውም ጊዜ አይበቃም። ግሌን ስትሬንጅ የተባለው፥ ቀድሞ በከብት ጠባቂዎች ፊልም የታወቀው ቁመተ ረጅም ተዋናይ ፍጡሩን ሆኖ በጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቈይና በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ የ1945ቱ ፊልም መጨረሻማ የእሳቱን ሥዕል ከ1942ቱ ፊልም ቈርጦ የተጠቀመ ነው። በእሳት፥ በፈላ ድኝ፥ በጎርፍ፥ በረግረግ በየተራው ሞቶ በየተራው ስለ ተነሣ፥ ሞቱም ትንሣኤውም ክብር አጡ፤ ሞት የማይጸናበትን ነገር ደግሞ ሰው አይፈራለትም፥ አያዝንለትምም። የጦርነቱን እውነተኛ ሬሳዎች በየዜናው ፊልም ያየ ሕዝብም የወረቀት ግንብ ሲፈርስ ቢያይ ልቡ አልደነገጠም።

መደምደሚያው ግን ካልታሰበበት መጣ። በ1948 ስቱዲዮው ቀልደኞቹን አቦትንና ኮስቴሎን ከጭራቆቹ ጋር አገናኘ፤ ቻርልስ ባርተን አዘጋጀው። ሉጎሲ በሲኒማ ለሁለተኛ ጊዜ ድራኩላን ሆነ፥ ቼኒ የተኵላው ሰው፥ ስትሬንጅ ፍጡሩ። ፒርስ ከስቱዲዮው ተሰናብቶ ስለ ነበር የፍጡሩ ፊት አሁን ከጎማ የተሠራ ነው። ሆኖም ጭራቆቹ ራሳቸው አይቀልዱም፤ ቀልዱ የሰዎቹ ነው፤ ሉጎሲ በሙሉ ክብሩ ይራመዳል። ነፍሱን ያጣ ፍጡር የሚያስፈራ መስሎ ከሚቀርብ በሣቅ መካከል በክብር ቢሰናበት ይሻለዋልና፥ ይህን ፊልም ከቀደሙት ከአራቱ አስበልጬ እመለከተዋለሁ።

በ1957 እነዚህ አሮጌ ፊልሞች ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጠው አዲስ ትውልድ በየቤቱ አያቸው፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዙ የሐመር ኩባንያ በቀለም የራሱን ፍራንከንስታይን አወጣ። ሐመር የዩኒቨርሳልን መልክ መቅዳት በዚያን ጊዜ በሕግ ስላልተፈቀደለት፥ በተከታዮቹ ከፍጡሩ ይልቅ ፒተር ኩሺንግ የተጫወተውን ሠሪውን እስከ 1974 ድረስ ተከተለ፤ ተከልክሎ ያገኘው መንገድ ወደ ሜሪ ሼሊ ጥያቄ የሚመልስ መንገድ ሆነለት። ሉጎሲ በ1956፥ ዌል በ1957፥ ካርሎፍ በ1969 ዐረፉ።

ከስምንቱ ፊልሞች ሦስቱ፥ የ1931ዱ በ1991፥ የ1935ቱ በ1998፥ የ1948ቱ በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ተመዝግበዋል። እኔ ብጠየቅ የ1939ኙን እጨምርባቸዋለሁ። አንባቢ ሆይ፥ ፍጡሩን በጭምብልና በልጆች ጨዋታ ብቻ የምታውቀው ከሆነ፥ የ1931ዱንና የ1935ቱን በአንድ ምሽት፥ ቅደም ተከተላቸውን ሳታፋልስ ተመልከታቸው፤ ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞሉም።